ፊሽካ ሲሰሙ መንገድ መሀል ስለሚቆሙ አርባ አንድ ልጆች

ቀን፦ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ
ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽ/ቤት
ጀሞ

ጉዳዩ፦ በልጆች የእንቅስቃሴ ትምህርት ላይ የተጣለው እገዳ ለስድስት ሳምንት እንዲነሳልኝ፣ በሜዳው አጠገብ ያለው የታክሲ ተራም በተማሪዎች መተላለፊያ ሰዓት ፊሽካ እንዳይጠቀም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስፈጻሚ፣

እኔ አመልካች አረጋሽ ሞልቱ፣ ዕድሜዬ 64፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ነኝ። ለ34 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬ በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት የጽ/ቤትዎን ውሳኔ ለመቃወም አይደለም። ፈርቼ ነው። በሠፈራችን ፊሽካ በሰሙ ቁጥር፣ መንገድ መሀልም ቢሆኑ፣ ባሉበት የሚቆሙ አርባ አንድ ልጆች አሉ። እንዲህ እንዲቆሙ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1. ትምህርቱ የተጀመረው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። በሕንፃዎቹ መካከል ባለችው ሜዳ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደባደቡ ነበር። ጠቡ ደረጃ እየወጣ እናቶች ዘንድ ይደርሳል። እናቶችም በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሳይነጋገሩ ወራት ያልፋሉ። ሚሳኤል የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ኳስ ሲነጠቅ ይናከስ ነበር። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አልነበረኝም። ይህን የምጨምረው ሥራው ሁሉ ለሌላ ሰው ሲባል ብቻ የተሠራ እንዳላስመስል ነው።

2. ልጅን «ተረጋጋ» እያሉ በመጮህ ማረጋጋት አይቻልም። ራስን መግዛት በሰውነት የሚለመድ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ስለዚህ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ኩባያ ይዘው ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲራመዱ አደርግ ነበር። አንዱ ዓይኑን ተሸፍኖ ሌላው ትከሻውን እየነካ ይመራዋል። የተሸነፈው ቡድን ቀድሞ ሄዶ እጅ ይጨብጣል። ዋናው ጨዋታችን ግን «ሐውልት» የምንለው ነው። ልጆቹ እየሮጡ ሳለ እጄን ወደ አፌ አንስቼ አንድ አጭር ፊሽካ እነፋለሁ። ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ። በልባቸው እስከ አምስት ይቆጥራሉ። እጄን ሳወርድ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

3. ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ ለይቼ መጻፍ አለብኝ። ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ በትምህርት ቤት ሳለሁ ፊሽካ ነፍቼ «ቁም!» እል ነበር። ልጁ ፊሽካውንም ቃሉንም የአስተማሪውንም ድምፅ አብሮ ይሰማል። እዚህ ግን ምድር ቤት የሚኖሩት አቶ ቸኮል ራስ ምታት ስላለባቸው ጩኸት እንድቀንስ ለመኑኝ። ቃሉን ትቼ ፊሽካውን ብቻ መንፋት ጀመርኩ። ማን ነፋው፣ የት ተነፋ፣ ለምን ተነፋ የሚለው ሁሉ በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ጨዋታው ቀለላቸው፤ እኔም አከበድኩት። በቆሙበት ኳስ አንከባልልባቸው ጀመር። በጆሯቸው አጠገብ ወርውሬ አሳልፋለሁ። ጓደኞቻቸው እጃቸውን ይጎትቷቸዋል፣ ያስቋቸዋል፣ በቅጽል ስማቸው ይጠሯቸዋል። ያልተነቃነቀ ነጥብ ያገኛል፤ በየቅዳሜው ውጤታቸውን በደብተሬ እመዘግባለሁ። ዓላማዬ ሲገፈተሩና ሲሰደቡ ራሳቸውን እንዲገዙ ነበር። ነገር ግን በተግባር ያስተማርኩት አንድ ነገር እየገሰገሰ ሲመጣባቸው ካዩ በኋላም ከቦታቸው እንዳይነሱ ነው።

4. ትምህርቱ ጠቅሞ ነበር፤ ይህንንም መሸሸግ አልሻም። ሚሳኤል መናከሱን ተወ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ገፍትሮ ጣለው፤ ተነስቶ ፊቱ በርበሬ መስሎ ዝም ብሎ ቆመ። ኋላ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ አምስት አልበቃኝም፤ እስከ ስምንት ቆጠርኩ» አለኝ። እናቶችም ደረጃ ላይ መሳሳም ጀመሩ።

ከእነዚሁ እናቶች አንዷ ወ/ሮ ሴና ናት፤ የስድስት ዓመቱ የኤልያቄም እናት። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ «ቲቸር፣ የእኔው ጉድማ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ዳቦውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ድርቅ አለልኝ! ከእንግዲህ ጸጥታ ስፈልግ ሻይ እጥዳለሁ» አለች። የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እኔ ቤቴ ገብቼ በደብተሬ ላይ፦ «ትምህርቱ ቤት ድረስ ዘልቋል» ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የ34 ዓመት አስተማሪ ያን ቀን መሳቅ አልነበረባትም።

5. ሰኞ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋናው መንገድ ሥራ ምክንያት የታክሲ ተራው ሜዳችን አጠገብ ወዳለው መንገድ ተዛወረ። ይህ መንገድ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩት ነው። ተራ አስከባሪዎቹ ታክሲዎቹን የሚጠሩትና የሚያንቀሳቅሱት በፊሽካ ነው። ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩ ወጣቶች ስለሆኑ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፊሽካውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከበረንዳዬ እሰማው ነበር። ያሰብኩት የአቶ ቸኮልን ራስ ምታት ብቻ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ሰማሁት፤ አልገባኝም።

6. ማክሰኞ የካቲት 4 ቀን ከጠዋቱ 1፡50 ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ማርቲ ክብረት ስትሻገር አየኋት። ማርቲ ስምንት ዓመቷ ነው። በደብተሬ በ«ሐውልት» አንደኛ ናት፤ ለሰባት ተከታታይ ቅዳሜ የቀደማት የለም። ከኃይሌ ጋርመንት በኩል አንድ ሚኒባስ ይመጣል። ተራ አስከባሪው ወጣት ኮርሳ አያት፤ ቶሎ እንድትሻገር ብሎ ፊሽካ ነፋ።

ማርቲ ቆመች።

ግራ እግሯን እንዳስቀደመች፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች ቀረች። መኪናውን አላየችም እንዳይባል በጎኗ ሲመጣ ታየዋለች። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ጮኸ። ከመኪናው መከላከያ እስከ ቦርሳዋ የነበረው ሁለት ስንዝር ነው። ቦታውን በኖራ ምልክት አድርጌ በእጄ ስለለካሁት ነው ይህን የምለው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አንቺ! ፎቶ እስክትነሺ ነው የምንጠብቅሽ?» ብሎ ጮኸባት። ኮርሳ ደጋግሞ ነፋ። በነፋ ቁጥር ይበልጥ ደረቀች። ከኋላ ሌላ ታክሲ በጎን ሊያልፍ ወጣ።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ ከእጄ ላይ አልተነሳም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ደንግጬ እጄን ወደ አፌ አንስቼ ነበር። አወረድኩት። ማርቲ በዚያው ቅጽበት ተንቀሳቀሰች፤ ሮጣም ወደ እኔ መጣች። ፊቷ በርቶ፣ «ቲቸር አዩኝ? ዓይኔን እንኳን አላርገበገብኩም እኮ!» አለችኝ። መኪናው በጣም ሲጠጋት እንዳልተሸነፈች አድርጋ ነው የነገረችኝ። ነጥብ እየጠበቀች ነበር።

7. የሆነውን በዚያው ቀን በራሴ እግር መጥቼ ለጽ/ቤትዎ አመለከትኩ። ሰኞ የካቲት 10 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ልጆችን በሜዳው እንዳልሰበስብና ፊሽካ እንዳልጠቀም ታገድኩ። እገዳውን አክብሬያለሁ። ፊሽካዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። በእርስዎ ወንበር ላይ ብቀመጥ እኔም የምወስነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን እገዳው እኔን እንጂ ልጆቹ የተማሩትን ነገር አላስቆመም። ትምህርቱ አሁን ያለ አስተማሪ፣ በታክሲ ተራው ፊሽካ፣ መንገድ ላይ በየቀኑ ይሰጣል።

8. «ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ይበቃል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ነግሬያቸዋለሁ። ከየካቲት 5 እስከ 9 የአርባ አንዱንም ልጆች ቤት አንኳኩቼ ወላጆች ባሉበት፣ «መንገድ ላይ ፊሽካ ብትሰሙ አትቁሙ» ብዬ አስረዳሁ፤ ወላጆችም ስለመስማታቸው ፈረሙልኝ። ልጆቹ በሙሉ ቃሉን ሳይሳሳቱ መለሱልኝ። ማርቲም መልሳዋለች።

ከየካቲት 11 እስከ 14 ባሉት አራት ቀናት በተማሪዎች መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገዱ ዳር ቆሜ በደብተር ያዝኩ። ከእኔ ልጆች መካከል አንዱ መንገዱ ላይ እያለ ፊሽካ የተነፋው 63 ጊዜ ነው። ከእነዚህ በ19ኙ ልጁ ቆሟል። በ11ዱ ከሁለት ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ራሱ ነቅቶ ሄደ። በ8ቱ ግን ሰው ገብቶ እስኪያወጣው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። አባሪው ላይ ቀኑና ሰዓቱ አለ።

በዚያው ሰዓት የሚሻገሩ፣ እኔ ያላስተማርኳቸው ብዙ ልጆችም ነበሩ። ፊሽካ ሲሰሙ ሮጡ። አንድም የቆመ የለም። ያላስተማርኳቸው በሰላም ተሻገሩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ትቼ ተነስቼ ነበር፤ የቀጠልኩት በማግስቱ ነው።

9. ዓርብ የካቲት 14 ቀን ከቀኑ 9፡45 ላይ የሴናን ልጅ ኤልያቄምን እጁን ይዤ አሻግረው ነበር። አዋቂ ከያዘው አይቆምም የሚል ተስፋ ነበረኝ። መሀል ስንደርስ ፊሽካ ተነፋ። እጁ በእጄ ውስጥ እንጨት ሆነ። ሳብኩት፤ አልመጣም። ደግሜ በኃይል ሳብኩት፤ እግሩን አጽንቶ ቆመ። ሲጎትቱት አለመንቀሳቀስን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያም ባለፈው ወር ሁለተኛ ወጥቷል። ጉልበቴ ታማሚ ነው። አቅፌ አነሳሁትና አሻገርኩት። በጆሮዬ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ስላነሱኝ ነው እንጂ አልተሸነፍኩም አይደል?» አለኝ። አልተሸነፍክም አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

10. የማርቲን አባት አቶ ክብረትን ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «እኔ ብቆጣትም ብመክራትም ያው ናት። በመስኮት ስር ፊሽካ ሲነፋ ቤት ውስጥ ማንኪያዋን ይዛ ትቆማለች፤ እናቷ ታለቅሳለች። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያስረሷት» አለኝ። እገዳ እንዳለብኝ ነገርኩት። «እንግዲያስ ለከለከለዎት ይንገሩልኝ» አለኝ። ይኸው ተናገርኩለት።

ኮርሳንም አነጋግሬዋለሁ። ከማክሰኞው ጀምሮ ከፍቶታል፤ «እማማ፣ እኔ እኮ ልጅቷን ላድን ብዬ ነው የነፋሁት» ይለኛል። ለተወሰነ ጊዜ በእጅ ምልክት እንዲሠራ ስጠይቀው፣ «እኔ በደስታ፤ ግን ፊሽካ ካልተሰማ አለቃዬ ሥራ አልገባህም ይለኛል። ደብዳቤ ያምጡልኝ፣ ዛሬውኑ አወልቀዋለሁ» አለኝ። ስለዚህ ደብዳቤ እፈልጋለሁ።

11. በሰውነት የገባ ልማድ በሰውነት ነው የሚወጣው። ልጆቹ በአፋቸው «አንቆምም» ይላሉ፤ እግራቸው ግን ገና አልሰማም። እግራቸው እንዲሰማ ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ፊሽካና ያንኑ ጨዋታ እፈልጋለሁ፤ ትርጉሙን ለመቀየር። በመሆኑም የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) እገዳው ለስድስት ሳምንት ብቻ፣ በሳምንት ለአራት ቀን፣ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት እንዲነሳልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊሽካ ሲነፋ ግራና ቀኝ አይቶ ፈጥኖ ወደ ሜዳው ዳር የወጣ ነጥብ ያገኛል፤ የቆመ ነጥብ ያጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ፊሽካውን የሚነፋው ኮርሳ ራሱ ይሆናል፤ ተስማምቷል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እሑድ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት መንገዱ ተዘግቶልን እዚያው መንገዱ ላይ እንለማመዳለን። ለመቆም ከእንግዲህ የምንጠቀመው ነጭ መሐረብን ብቻ ነው፤ መሐረብ ድምፅ የለውም፣ በእኔ እጅ ካልሆነም የትም አይገኝም።

ለ) ስድስቱ ሳምንታት እስኪያልቁ ድረስ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላም ከ9፡30 እስከ 10፡30 ተራ አስከባሪዎች በእጅ ምልክት እንዲሠሩ ለማኅበራቸው በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ። ጥያቄዎቼን በሙሉ መቀበል ካልተቻለ ይህ ብቻ ይፈቀድልኝ፤ ደግሞም ዛሬ ይሁን።

ሐ) በነዚሁ ሰዓቶች አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ እንዲመደብልኝ። አሁን የምቆመው ብቻዬን ነው። በአንደኛው ዳር ስሆን ሌላኛው ዳር ባዶ ነው፤ ልጆቹም ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ።

መ) ሥራው ሁሉ ጽ/ቤትዎ የሚመርጠው ባለሙያ ባለበት እንዲሆን። በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቱ ልጅ እንደቆመና ስንቱ እንደተንቀሳቀሰ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ደብተሬንም ፊሽካዬንም ለጽ/ቤትዎ አስረክቤ፣ ሁለተኛ ልጆችን እንዳላስተምር ብጠየቅ እፈርማለሁ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ግን እንዳያሰናብቱኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

12. በ34 ዓመት የሥራ ዘመኔ በእጄ ላይ የተጎዳ ልጅ አንድ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ከገመድ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ስሙን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። የአርባ አንዱን ስም በአባሪነት ለማያያዝ ስጽፍ ግን ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ዝርዝሩ የተጻፈው በፊደል ተራ ሳይሆን በውጤታቸው ነው። ከላይ ያሉት እኔን በደንብ የሰሙኝ፣ ኳስ ሲመጣባቸው ያልሸሹ፣ ሲጎተቱ ያልተነቃነቁ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ስምንት ልጆች አልታዘዝ ብለው ያስቸገሩኝ ነበሩ፤ ለእነሱ ብዙም አልሰጋም። እባክዎ ዝርዝሩን ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ። ቁጥር አንድ ማርቲ ናት።

የቤት ቁጥሬና ስልኬ ከታች አለ። ቢሆንም ነገ ጠዋት ከ1፡15 ጀምሮ ቤት አልገኝም፤ ከሰዓት በኋላም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ታክሲ ተራው አጠገብ፣ በኖራ ምልክት ካደረግኩበት ቦታ ትይዩ መንገዱ ዳር ቆሜ እገኛለሁ። መልስዎን እዚያው ቢልኩልኝ ፈጥኖ ይደርሰኛል። መልእክተኛው ሲመጣ ከሩቅ በፊሽካ እንዳይጠራኝ እባክዎ ይንገሩልኝ።

የልጆቹን ነገር በእጅዎ አኑሬ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አረጋሽ ሞልቱ
ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ

አባሪ፦
— የ41 ልጆች ስም ዝርዝር ከነውጤታቸው (2 ገጽ)
— ከየካቲት 11 እስከ 14 የተያዘ የመንገድ ዳር ምዝገባ (4 ገጽ)
— የወላጆች ፊርማ (3 ገጽ)
— የግንቦት 2016 ዓ.ም. የደብተር ገጽ፣ ስለ ማንቆርቆሪያው (1 ገጽ)

ግልባጭ፦
— ለተራ አስከባሪዎች ማኅበር
— ለአቶ ክብረት፣ የማርቲ አባት